መመረቂያ ጽሑፍና ዛሬ ነገ የማለት ልማድ፦ እስካሁን የደረስኩበት

የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርታቸውን ከመደበኛ ሥራ ጋር የሚከታተሉ ሰዎች ኮርሱን በጊዜው ጨርሰው መመረቂያ ጽሑፍ ላይ ሲደርሱ መንጠልጠላቸው የተለመደ ነው። ኮርስ ፈተና አለው፣ ፈተናውም የተቆረጠ ቀን አለው፤ ጽሑፉን ግን በየቀኑ የሚጠይቅ ሰው የለም፤ አማካሪውም የሚያየው የቀረበለትን እንጂ ያልቀረበለትን አይደለም። እኔም እዚሁ ደረጃ ላይ ስለምገኝ፣ ሥራን የማዘግየት ልማዴን ለመረዳትና ለመቆጣጠር ከሞከርኩት ውስጥ የበጀኝንም ያልበጀኝንም ለእናንተ አብራችሁኝ ለምትጽፉ ላካፍል።

መጀመሪያ ያደረግሁት የትኛውን ሥራ እንደማዘገይ መመዝገብ ነበር። ቃለ መጠይቅን ከድምፅ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ አሰልቺ ሥራ ነው፤ የአንድ ሰዓት ንግግር ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ አንዱን ዓረፍተ ነገር ሦስት አራት ጊዜ ወደኋላ መልሶ ማዳመጥ ይጠይቃል፣ ያውም ተጠያቂዋ የምትናገረው በመኪና ጥሩምባና በቡና ወቀጣ መካከል ሲሆን። ይህን ሥራ ግን አላሳደርኩትም። ሲያድር የከረመው ምዕራፍ ሁለት፣ የተዛማጅ ጽሑፎች ቅኝት ነው። ስለዚህ የምሸሸው ድካምን አልነበረም ማለት ነው። ግልበጣ መቼ እንዳለቀ ይታወቃል። ቅኝቱ ግን ስንት ጽሑፍ ሲነበብ እንደሚበቃ የሚነግር ስለሌለ፣ ገና አንድ አንቀጽ ሳልጨርስ «ይህ ለዚህ ደረጃ አይመጥንም» የሚል ስሜት ይነሣብኛል፤ እኔም ከስሜቱ ለመገላገል ከወንበሬ እነሣለሁ።

ፉሺያ ሲሮይስና ቲሞቲ ፒቺል የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ማዘግየት በዋናነት የጊዜ አጠቃቀም ጉድለት ሳይሆን የአሁንን ስሜት ከወደፊት ግብ የማስቀደም ዝንባሌ መሆኑን ይከራከራሉ። ይህን ሳነብ የራሴ መዝገብ ትርጉም ሰጠኝ። ሥራውን ባቆየሁ ቁጥር ወዲያው እፎይታ አገኛለሁ፣ እፎይታውም በሚቀጥለው ጊዜ እንድሸሽ ያደፋፍረኛል። ከሁሉ የሚያስቸግረው ሥራ መስሎ የሚመጣው ሽሽት ነው፦ የገጽ ኅዳግ ማስተካከል፣ የማውጫውን ነጥቦች መደርደር፣ የአማርኛውና የእንግሊዝኛው ፊደል መጠን እንዲመጣጠን መልፋት። እንዲህ ያለው ምሽት ሲያልቅ ሰው ደክሞትም ረክቶም ይተኛል፣ ምዕራፉ ግን በአንድ መስመር እንኳ አልጨመረም። ቴሌግራም ላይ የጠፋ ምሽት ቢያንስ መጥፋቱን ይናገራል።

በመርሐ ግብር ለመታገል ያደረግሁት ሙከራ ብዙም አልረዳኝም። እ.ኤ.አ. በ1994 በታተመ የቡኽለር፣ የግሪፊንና የሮስ ጥናት፣ መመረቂያ ጽሑፍ የሚጽፉ የሥነ ልቦና ተማሪዎች በአማካይ በ34 ቀን ገደማ እንጨርሳለን ብለው ገምተው የወሰደባቸው ግን 55 ቀን ያህል ነበር፤ ሁሉም ነገር ቢበላሽ ብለው የሰጡት ግምት እንኳ 49 ቀን አካባቢ ስለነበር ከእውነታው አንሷል። እኛ ዘንድ ደግሞ የዘመን አቆጣጠራችን ለዚህ ዓይነቱ ግምት ቸር ነው፦ ከእንቁጣጣሽ በኋላ የተባለው ወደ መስቀል፣ ከመስቀል በኋላ የተባለው ወደ ገና፣ ከገና የተረፈው ወደ ጥምቀት እያለ ዓመቱ ይጋመሳል።

የበጀኝ ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ፒተር ጎልዊትዘር ያጠናው ዘዴ ነው፤ «እጽፋለሁ» በሚል ጥቅል ውሳኔ ፋንታ መቼ፣ የትና በምን እንደሚጀመር አስቀድሞ መወሰን። አሁን ኮምፒውተሩን ከማጥፋቴ በፊት በብጣሽ ወረቀት ላይ የነገውን መጀመሪያ ብቻ እጽፋለሁ፤ ለምሳሌ «ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ቡናዬን እንደያዝኩ፣ የሦስተኛዋን ተጠያቂ መልስ ከሠንጠረዥ 4 ጋር አነጻጽሬ በሁለት ዓረፍተ ነገር አሰፍራለሁ» የሚል። «ምዕራፍ አራትን እቀጥላለሁ» የሚል ወረቀት ከባዶ ወረቀት አይሻልም፤ ምን እንደምቀጥል ማሰብ ራሱ የመሸሻ በር ይከፍታልና። ትንተናው አልጻፍ ሲለኝ ደግሞ፣ ግኝቱን ለታናሽ እህቴ እንደማስረዳ አድርጌ በስልኬ እቀዳውና ያንኑ እገለብጠዋለሁ። ግልበጣውን ስለማልፈራው የሚያስፈራኝን ሥራ ወደማያስፈራኝ አዞርኩት ማለት ነው፤ ቋንቋው መጀመሪያ ላይ ልቅ ቢሆንም ማረም ከባዶ ገጽ ከመጀመር ይቀላል። ከአማካሪዬም ጋር በየሳምንቱ ዓርብ ያለውን ያህል፣ ያልታረመም ቢሆን፣ ለመላክ ተስማምተናል።

ሥራው ባደረብኝ ቀን ራሴን መውቀስም ትቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ2010 ዎልና ባልደረቦቹ ባደረጉት ጥናት፣ ለመጀመሪያው ፈተና ማጥናትን በማዘግየታቸው ራሳቸውን ይቅር ያሉ ተማሪዎች ለቀጣዩ ፈተና ያዘገዩት ያነሰ ነበር። ወቀሳ ከሥራው ጋር የተያያዘውን ክፉ ስሜት ስለሚያበዛ ይህ አያስገርምም።

በአሁኑ ጊዜ ምዕራፍ አራት ወደ ማለቁ ነው፣ ምዕራፍ ሁለትም በአማካሪዬ እጅ ይገኛል። ገና ያልተፈታልኝ የአማካሪ አስተያየት የሰፈረበትን ፋይል መክፈት ነው፤ ከኢሜይሉ ርእስ አልፌ ሳልገባ ቀናት ያልፋሉ። ለጊዜው አስተያየቱን በወረቀት አትሜ በመጀመሪያ የፊደል ግድፈትንና የምንጭ አጻጻፍን የሚመለከቱትን ብቻ በእስክሪብቶ ምልክት እያደረግሁ አርማለሁ፣ የክርክሩን አካሄድ የሚነኩትን ለማግስቱ ጠዋት በብጣሹ ወረቀት ላይ አስይዛለሁ። በዚህ በኩል የተሻለ መንገድ ያገኘ ካለ ቢያካፍለኝ ደስ ይለኛል።