ኢንተርካል ላይ 65536ን ለማስቀመጥ ያየሁት አበሳ

ኢንተርካል የሚባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ልትሞክሩ ካሰባችሁ መጀመሪያ ዳታ ታይፖቹን (የሚያስቀምጣቸውን የዳታ ዓይነቶች) እወቁ። ለእኔ ማንም አልነገረኝም። ቋንቋውን እ.ኤ.አ. በ1972 ሁለት የፕሪንስተን ተማሪዎች፣ ዶን ዉድስና ጄምስ ላየን፣ በጊዜው በነበሩት ቋንቋዎች ላይ ሊያሾፉ ነው የሠሩት። ኮምፓይለሩን (ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም የሚቀይረውን) መጫን አያስቸግርም።

ታይፖቹ አራት ናቸው። በነጥብ የሚጀምር ቫሪያብል (ቁጥር የሚቀመጥበት ስም) 16 ቢት፣ ማለትም 16 የ0 ወይም የ1 ቦታ፣ ይይዛል፣ በኮለን የሚጀምር 32። በኮማ የሚጀምረው የ16 ቢት አሬይ (የቁጥሮች ድርድር) ነው፣ በሴሚኮለን የሚጀምረው የ32። ኔጌቲቭ ቁጥር የለም። ስትሪንግ (ጽሑፍ) የለም። የመደመር ምልክት እንኳ የለም፣ መደመር ከላይብረሪ (ከተዘጋጀ የኮድ ስብስብ) ነው የሚጠራው። እስከዚህ ድረስ እየሳቅኩ ነበር።

ሳቄን ያስቆመው 65536 ነው። ባለ 32 ቢቱ ቫሪያብል እስከ 4 ቢሊዮን ምናምን ይችላል፣ ኮድ ውስጥ በቀጥታ የሚጻፍ ቁጥር ግን ከ65535 አያልፍም! ጎተራውን አስፍተው አፉን በሲኒ ልክ ሠርተውታል። በቀጥታ የሚጻፍ ቁጥር በ# ይጀምራል፤ #65536 ብዬ ስጽፍ ስህተት 017 መጣ፤ መልእክቱ ባጭሩ «ይሄን እኔ እንድፈታው ነው የምትጠብቀው?» ነው። ጭራሽ ይሳደባል።

መውጫው ሚንግል ነው፣ ምልክቱ $። ሁለት የ16 ቢት ቁጥሮችን አዋህዶ አንድ ባለ 32 ያወጣል። ጤነኛ ሰው ሁሉ እንደሚያስበው የግራው ላይኛውን ግማሽ፣ የቀኙ ታችኛውን ይይዛል ብዬ #1$#0 አልኩ። የወጣው 2! ያውም በሮማ ቁጥር፣ ምክንያቱም ኢንተርካል የሚያትመው በሮማ ነው። በግዕዝ ቢሆን እንኳ ከቀን መቁጠሪያ ለምጄዋለሁ። ለካ ሚንግል ቁጥሮቹን አይቀጥልም፣ ቢቶቻቸውን አንድ ከዚህ አንድ ከዚያ እያለ ያሰባጥራል፤ የቀኙ 0፣ 2፣ 4 እያለ ጥንዶቹን ቦታዎች ይይዛል፣ የግራው ጎዶሎዎቹን። 65536 ደግሞ ቢት 16 ብቻ ነው፣ ስለዚህ ከቀኙ ቁጥር ቢት 8 ማለትም 256 ነው የሚፈለገው። መልሱ #0$#256። እዚህ የደረስኩት በእስክሪብቶና በወረቀት ነው፣ ደግሞም ኮርቼበታለሁ።

ሁሉም «ሄሎ ወርልድን (ሰላምታ የሚያትመውን የጀማሪ ፕሮግራም) በመጻፍ ጀምር» ይላል። አትስሟቸው፣ እሱ አሬይ ይፈልጋል፤ በአንድ ቁጥር ጀምሩ። በትእዛዞቹ ፊት የሚጻፈውን «ፕሊዝ»ም መጥኑ፤ ሲያንስ ጨዋነት ጎደለህ፣ ሲበዛ አጎበደድክ ብሎ ኮዱን ይመልሰዋል፣ ይሄ ደግሞ የመጀመሪያው ማኑዋል ላይ አልተጻፈም። ሚንግል ካንገሸገሻችሁ ትልቁን ቁጥር ፕሮግራሙ ሲሠራ ከኪቦርድ አስገቡት። ዲጂቶቹን ግን በእንግሊዝኛ ቃል፣ «ሲክስ ፋይቭ ፋይቭ ስሪ ሲክስ» ብላችሁ ነው የምትጽፉት።