ላፕቶፑ ሰርቨሩን የቀደመበት ጠዋት

ነገሩ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። ባስታወስኩት ቁጥር ግን ዛሬም ያንገበግበኛል።

ያኔ የምሠራው አንድ ዩኒቨርሲቲ የሰርቨር ክፍል ውስጥ ነበር። አንድ ጠዋት የእንስሳት እርባታ የዶክትሬት ተማሪ ላፕቶፗን ታቅፋ መጣች። የ4000 ላሞችን ዝምድና የሚያሳይ ማትሪክስ አላት። 4000 በ4000፣ 16 ሚሊዮን ቁጥር ማለት ነው። ፕሮግራሟ የዚህን ማትሪክስ (የቁጥር ሰንጠረዥ) ኢንቨርስ፣ ማለትም ግልባጩን፣ ደጋግሞ ያወጣል።

«ላፕቶፔ ላይ አንዱ ዙር ሁለት ሦስት ሴኮንድ ነው። እዚህ ከአንድ ደቂቃ በላይ ይፈጃል። ምን አጥፍቼ ነው?» አለች።

«ምን አጥፍቼ ነው» ማለቷ አንጀቴን በላው።

አለቃዬ ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ መለሱላት። «ሰርቨሩ አርጅቷል ልጄ። አዲስ እንዲገዛ ጠይቀናል። እስከዚያ ታገሺ።»

«ጋሼ፣ 16 ኮር አለው እኮ። የሷ ላፕቶፕ 4 ነው ያለው» አልኳቸው። ኮር ማለት ፕሮሰሰሩ ውስጥ ለብቻው መሥራት የሚችል ክፍል ነው።

«ኮሩን ተወው። ዕድሜውን እይ።»

የኮሮቹን ሥራ የሚያሳየውን ፕሮግራም፣ ኤችቶፕን ከፈትኩ። ከ16ቱ ኮር አንዱ መቶ ፐርሰንት ይሠራል። 15ቱ ተኝተዋል። እርጅና እንዲህ አይደለም። ያረጀ ማሽን ቢዘገይ እንኳ ሁሉም ኮሮቹ እያለከለኩ ነው የሚዘገየው።

ፕሮግራሟ የሚያሰላው በኑምፓይ፣ በፓይተን ቋንቋ የስሌት ላይብረሪ (የተዘጋጀ የፕሮግራም ስብስብ) ነው። ኑምፓይ የማትሪክሱን ከባድ ሥራ ራሱ አይሠራም። ብላስና ላፓክ ለሚባሉት ላይብረሪዎች ያስተላልፋል። ብላስ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ ያለ ስም ነው፤ በዚያ ስም የሚጠሩት ቅጂዎች ግን ብዙ ናቸው። ኔትሊብ ከሚባለው የስሌት ፕሮግራሞች ማከማቻ የሚመጣው ማመሳከሪያ ቅጂ መልሱን አይሳሳትም። ለፍጥነት ግን አልተሠራም፣ የሚሠራውም በአንድ ኮር ብቻ ነው። ኦፕንብላስ የሚባለው ሌላው ቅጂ ግን ለየፕሮሰሰሩ ተለክቶ የተሰፋ ነው። ካዙሺጌ ጎቶ የተባለ ጃፓናዊ ካሼውን (የፕሮሰሰሩን ፈጣን ማህደር) አስልቶ፣ አሴምብሊውን (ለማሽኑ የቀረበውን ኮድ) በእጁ ጽፎ ከሠራው ላይብረሪ ነው የተወለደው። ያን ሰው ሳስብ አሁንም ከልቤ ነው የማከብረው።

ልጅቷ ኑምፓይን የጫነችው በፒፕ፣ በፓይተን የራሱ መጫኛ ነው። ኦፕንብላስ አብሮ ታሽጎ መጥቶላታል። እኛ ሰርቨሩ ላይ የጫንነው በአፕት፣ በኡቡንቱ ሲስተም መጫኛ ነው። እሱ ደግሞ ሲስተሙ ላይ ያገኘውን ብላስ ነው የሚጠራው። ሌላ ያስገባለት ሰው ከሌለ የኔትሊቡን ይይዛል። ሪድሊንክ በሚባለው ትዕዛዝ ስሙ ወደየትኛው ፋይል እንደሚያመራ ተከተልኩት። የኔትሊቡ ሆኖ ተገኘ።

ኦፕንብላስን ለመጫን አንድ መስመር በቃ። እንደገና አስነሳችው። አንድ ሴኮንድ ገደማ።

ዝም አለች። ከዚያ «እስቲ ድገመው» አለች። ደገምኩት። መልሱን ከላፕቶፗ ጋር ቁጥር በቁጥር አስተያየችው። ስትጠረጥር ደስ አለኝ። ተመራማሪ እንዲህ ነው መሆን ያለበት።

በማግስቱ ደስታው ደፈረሰ። 16 ሥራ አንድ ላይ ለቀቀች። እያንዳንዱ ሥራ 16 ትሬድ፣ ማለትም ጎን ለጎን የሚሮጥ የሥራ መስመር፣ ይከፍታል። 256 ትሬድ በ16 ኮር ሲሻማ ሰርቨሩ ተንፈራገጠ። አለቃዬ በር ላይ ቆመው «አላልኩህም? አልቆለታል!» አሉ። ሰው ሁሉ ሰማ።

የኦፕንብላስን ትሬድ 1 ላይ የሚወስን መስመር ከስክሪፕቷ አናት ላይ ጨመርኩላት። 16ቱም ሥራ እኩል ሄደ። ልነግራቸው ቢሯቸው ገባሁ።

«አንተ ልጅ፣ ትናንት ኮር አልክ፣ ዛሬ ትሬድ አልክ። ነገ ደግሞ ምን ልትለኝ ነው?» አሉ። የግዢው ደብዳቤ ጠረጴዛቸው ላይ ነበር። ምክንያቱ ላይ «ሳይንሳዊ ስሌት በመዘግየቱ» ይላል።

መልስ አልሰጠሁም። መስጠት ነበረብኝ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው። ያ ገንዘብ ለዲስክ ቢውል የስንቱን ተማሪ ዳታ ከመጥፋት ባዳነ።

አዲሱ ሰርቨር በዓመቱ መጣ። ያስገባው ድርጅት ኑምፓዩንም ጭኖ ነበር ያስረከበን። ገና ካርቶኑ ኮሪደር ላይ ተቆልሎ ሳለ ገብቼ ሪድሊንክ ጻፍኩ። ያው የኔትሊቡ ብላስ። ኦፕንብላስን ጫንኩ። የመጫኛውንና የትሬዱን ሁለት መስመር በትልቁ አትሜ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። ሥራውን ስለቅ እዚያው ነበር።