አንድ ራፕሶዲ፣ ሁለት አይጦች

በሙዚቃ ላይ ከተሠሩ አጫጭር የካርቱን ቀልዶች ሁሉ አብልጬ የምወደው እ.ኤ.አ. በ1947 ለእይታ የበቃውን «ዘ ካት ኮንሰርቶ»ን ነው። ቶም ጥቁር የኮንሰርት ልብሱን ለብሶ፣ በታላቅ ክብር እጅ ነሥቶ፣ የሙዚቃ ደራሲው ፍራንዝ ሊስትን ሁለተኛ የሃንጋሪ ራፕሶዲ፣ ማለትም ነፃ ቅርጽ ያለው ድርሰት፣ በፒያኖ መጫወት ይጀምራል። ፒያኖው ውስጥ ተኝቶ የነበረው ጄሪ ሲነቃ ግን «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» የተባለው ይፈጸማል፤ ሆኖም ቶም አይጡን እያሳደደም ቢሆን ሙዚቃውን አይተውም፤ ጠቡ ሁሉ አንድም ቃል ሳይነገር በራፕሶዲው ምት ይሄዳል።

የድመቱ ጣቶች የሚያርፉት የምንሰማው ድምፅ በሚወጣባቸው ቁልፎች ላይ መሆኑን ሳስተውል ሁልጊዜ እደነቃለሁ። ለአንድ ሰከንድ 24 ምስል ያስፈልጋል፤ ሰባት ደቂቃ ያህል ለሚፈጅ ፊልም ወደ 10,000 ይጠጋል ማለት ነው። አንዲት ጣት ጥቂት ምስሎች ብትዘገይ ቀልዱ ይከሽፋል።

ከዚህ ፊልም ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በ1946፣ ዋርነር ብራዘርስ በፍሪዝ ፍሪለንግ አዘጋጅነት «ራፕሶዲ ራቢት»ን አውጥቶ ነበር፤ ሙዚቃው ያው ራፕሶዲ፣ ፒያኒስቱ ጥንቸሉ በግስ ባኒ፣ የሚያውከውም አይጥ ነው። በሁለቱም የሙዚቃውን መዝጊያ ከፒያኒስቱ የሚነጥቀው አይጡ ነው። ሁለቱ ስቱዲዮዎች አንዱ ሌላውን በሐሳብ ስርቆት ወነጀሉ፤ ኦስካሩን ግን የቶምና ጄሪ ስቱዲዮ ኤም.ጂ.ኤም. ወሰደ፤ ለቶምና ጄሪ በተከታታይ አራተኛው ነበር። እኔም ለድመቱ አደላለሁ፤ ጥንቸሉ ተመልካቹን ለማሳቅ ሲል ሙዚቃውን ደጋግሞ ያቋርጣልና።

ሰብሳቢዎች እነዚህን ሥራዎች በኮምፒውተር ማየት እየቻሉ ባለ 16 ሚሊ ሜትር የፊልም ጥቅል የሚያሳድዱት ያለ ምክንያት አይደለም። በቴክኒከለር የቀለም ማሸጋገር ዘዴ የታተመ ቅጂ ከብዙ ዓሥርት ዓመታት በኋላም ቀዩና ሰማያዊው እንደ ደመቀ ይኖራል፤ ኢስትማንከለር በተባለው የቀድሞ የቀለም ፊልም የታተመው ግን እየደበዘዘ ወደ ቀይነት ያደላል። በዚያ ላይ ዋርነር «ብሉ ሪበን» በሚል ስያሜ ድጋሚ ሲያሠራጭ የብዙዎቹን ካርቱኖች መክፈቻ ጽሑፍ ቆርጦ የባለሙያዎቹን ስም አስቀርቷል፤ ስለዚህ ከነመጀመሪያ ጽሑፉ የተገኘ ቅጂ በእጅጉ ይፈለጋል። አሲቴት ከተባለው ፕላስቲክ የተሠራ ፊልም ደግሞ መበላሸት ሲጀምር አቼቶ አቼቶ ይሸታል። የፊልሙ ቆርቆሮ ሲከፈትልኝ ቀለሙን ከማየቴ በፊት የማሸተው ለዚህ ነው፤ ሽታው ደህና ከሆነ ብቻ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ሜትሮች ፈትቼ፣ ወደ ብርሃን አንሥቼ፣ ስሞቹ መኖራቸውን አነባለሁ።