ጅማ ላይ ሳክስፎን ለማስተማር ካሰባችሁ

ይህን የምጽፈው ጅማ ውስጥ በሳክስፎን እንጀራዬን እበላለሁ ለሚል ሰው ነው። እኔ ስጀምር የሚነግረኝ አላገኘሁም።

መጫወቱን አዲስ አበባ ተማርኩ፣ ከባንድ ጋር ማታ ማታ ሠራሁ፣ ከዚያ አገሬ ገባሁ። ሙላቱ አስታጥቄ በ1943 እ.ኤ.አ. የተወለደው እዚሁ ጅማ ነው። የኢትዮ ጃዝ አባት በተወለደበት ከተማ የሳክስፎን ማስተማሪያ ቢከፈት ሁሉም ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። ክፍል ተከራየሁ፣ ወንበር አስገባሁ። ተማሪም ወዲያው ተገኘ።

ያቃጠለኝ ፈቃዱ ነው።

አንዱ ቢሮ "ትምህርት ስለሆነ እኛን አይመለከትም" አለኝ። ሌላው "ሙዚቃ ስለሆነ እኛን አይመለከትም።" ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ሲስተም የለም፣ ደብዳቤ ይዘህ ና። ይህን ሁሉ ቻልኩት። በመጨረሻ ክፍሉን የሚያይ ባለሙያ መጡ። በሜትር ለኩ፣ የአከራዬን ካርታ ጠየቁ፣ ከዚያ ሳጥኑን ክፈት አሉኝ። ቴነር ሳክስፎኔን አወጣሁ። አገላብጠው አዩትና "ይሄ ጥሩምባ እስከ ስንት ሰዓት ይጮሃል?" አሉ። እስከ አሥራ ሁለት አልኳቸው። ቅጹ ላይ "ድምፅ ማጉያ" ብለው ጻፉ።

"ጋሼ፣ ማጉያ እኮ የለውም፣ በትንፋሽ ነው" አልኩ።

"ቅጹ ላይ ሌላ ቦታ የለም" አሉኝ። ፈርመው ሄዱ።

በዚያች አንድ ቃል የተነሳ ጉዳዬ እንደ ጭፈራ ቤት መታየት ጀመረ። የጎረቤት ስምምነት አምጣ፣ ድምፅ መከላከያ ግድግዳ ላይ ለጥፍ ተባልኩ። ይስተካከልልኝ ብዬ ብለምን "ባለሙያው የጻፈውን እኛ አንሰርዝም" አሉ፤ ባለሙያው ደግሞ "መዝገቡ ከእጄ ወጥቷል" አሉ። እኔ ለባዶ ክፍል ኪራይ እከፍላለሁ፣ ተማሪዎቼ ይበተናሉ። አከራዬ እማማ ታገሡኝ ታገሡኝና ቤቱን ለመለዋወጫ ነጋዴ ሰጡት። ፈቃዱ ከዚያ በኋላ ወጣ። በዚያ ቤት አድራሻ የወጣ ስለሆነ ግን ሌላ ቤት አይሠራም። እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ስለዚህ "መጀመሪያ ፈቃድ፣ ከዚያ ተማሪ" የሚሏችሁን አትስሙ። ፈቃድ ያለው የቋንቋ ወይም የኪቦርድ ማስተማሪያ ፈልጉና እሱ ሥር ግቡ። እኔ አሁን የምሠራው እንዲህ ነው፣ ገቢውን እንካፈላለን። የራሳችሁን ካላችሁ ደግሞ ባለሙያው ከመፈረሙ በፊት ቅጹን አንብቡ። ቢቆጡም አንብቡ።

ስለ ማስተማሩም ልናገር። የውጭ መጽሐፎች በሜጀር ስኬል፣ በፈረንጆቹ ሰባት ድምፅ መሰላል፣ ጀምር ይላሉ። እኔ በትዝታ ቅኝት ነው የምጀምረው። ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ፤ አምስት ድምፅ ብቻ። የጅማ ልጅ ጆሮው ያውቀዋል፣ ሲሳሳት ራሱ ይሰማዋል። ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ይከተላሉ። ትንሽ ጠንከር ሲል ሳክስፎን ተጫዋቹን ጌታቸው መኩሪያን አስደምጡት። ሽለላና ፉከራን በቴነር እንዴት እንዳወረደው ይስማ፤ ከዚያ በኋላ ሳክስፎን የፈረንጅ ነው የሚል ተማሪ የለም።

ድምፃቸው እንዲገጥም ኪቦርድ ሲ ሲይዝ ቴነር ዲ፣ አነስ ያለው ሳክስፎን አልቶ ደግሞ ኤ መያዝ እንዳለበት ቀድማችሁ አስተምሩ። ይህን ሳያውቅ ሰርግ ላይ የወጣ ልጅ ሁለተኛ መድረክ አይወድም። ክረምት ላይ የጅማ እርጥበት ፓዱን፣ ቀዳዳውን የሚደፍነውን ልባጥ፣ ያጣብቃል፣ በተለይ የጂ ሻርፕን። ቀጭን ወረቀት ከፓዱ ሥር አስገብታችሁ ቀስ ብላችሁ ተጫኑት፣ ወረቀቱ እርጥበቱን ይመጥጣል። ዘይት የሚቀቡ አሉ፤ ፓዱን ይገድለዋል፣ እባካችሁ ተዉ።

ሪድ፣ አፉ ላይ የሚታሰረው ቀጭን ሸምበቆ፣ ለጀማሪ 2 ቁጥር ይበቃል፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ለመንፋት ይከብዳል። "3 ካልነፋ ወንድ አይደለም" የሚል አስተማሪ ካገኛችሁ ልጃችሁን ይዛችሁ ውጡ።