ሦስት ኤቶ ፎርኬታ

ሮም በገባሁ በአምስተኛው ወር ነው። አንዲት አዛውንት ሲኞራ ቤት ተቀጥሬ እንከባከባቸው ነበር።

ጣልያንኛዬን ግማሹን ከሀገር ቤት ይዤው ነው የመጣሁት። አባቴ መካኒክ ስለሆነ ካንቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ፒንሳ፣ ጎማ አሳምሬ አውቃለሁ። መንገድ ላይ መኪና ቢበላሽ ከማንም ጣልያን ጋር እግባባለሁ። ችግሩ ሲኞራ መኪና የላቸውም።

አንድ ጠዋት፣ ጥርሳቸው ገና ብርጭቆ ውስጥ እያለ ጠሩኝ። ቅዳሜ ዕረፍትሽ አይደል፣ አሪቻ ሂጂ፣ የምንትስ-ኬታ ሳግራ አለ፣ ስትመለሺ ሦስት ኤቶ ይዘሽልኝ ነይ አሉና 10 ዩሮ አስጨበጡኝ። ሳግራ የአንድ አካባቢ ሰው በሚኮራበት ነገር ስም የሚደግሰው ድግስ ነው። ኤቶ ደግሞ 100 ግራም። ይሄን ይሄን አውቃለሁ። ከ“ኬታ” በፊት ያለውን ግን ድዳቸው ዋጠው። እኔ የማውቀው ኬታ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ፎርኬታ። ሹካ።

የሹካ በዓል!

አትሳቁ። እዚያው አካባቢ፣ ካስቴሊ ሮማኒ በሚሉት ኮረብታ ላይ፣ ኔሚ ለእንጆሪ ይደግሳል። ጄንዛኖ መንገዱን በአበባ ያነጥፋል። ማሪኖ ደግሞ በወይን በዓሉ ቀን የአደባባዩ ፏፏቴ በውሃ ፋንታ ወይን ጠጅ ያወርዳል። ከቧንቧው ወይን የሚቀዳ ሕዝብ ለሹካ ቢደግስ ምን ይገርማል? ሦስት ኤቶ የሚለው ትንሽ ከነከነኝ፤ ሹካ በኪሎ ሲሸጥ አላየሁም። በኋላ ግን ገባኝ። የብር ሹካ ነዋ! ብር በግራም ይሸጥ የለ? በ10 ዩሮ 300 ግራም ብር እንደማይገኝ ልቤ ያውቃል፤ ግን በዓል ነው፣ ቅናሽ ይኖራል።

ቅዳሜ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ስንቄን ፍርፍር በዕቃ ቋጥሬ ወጣሁ። ሰው ሀገር በዓል ሲሄዱ ሆድን ይዞ መሄድ ነው እንጂ ምን ይታወቃል። በሜትሮ ኤ መስመር እስከ መጨረሻው፣ እስከ አናኚና፣ ከዚያ በሰማያዊው አውቶቡስ ሽቅብ። አሪቻ የሚገባው ገደል በሚያሻግር ረጅም ድልድይ ነው፤ ወደ ታች አላየሁም። ድልድዩ ሲያልቅ አደባባዩ ድቅን ይላል። ባንድ በኩል ኪጂ የሚባሉት የድሮ መሳፍንት ቤተ መንግሥት፣ ባንድ በኩል የድሮው አርክቴክት በርኒኒ የሠራት ቤተ ክርስቲያን። ቤተ ክርስቲያኗ ክብ ናት! የኛን ሰፈር ደብር ያየሁ መሰለኝና በሯን ተሳለምኩ። የሚያልፉ ሰዎች ዞር ብለው አዩኝ።

ከዚያ ሽታው መጣ።

ወገኖቼ፣ የጥብስ ቅጠል ነው። ነጭ ሽንኩርት አለ፣ ቁንዶ በርበሬ አለ፣ ከሁሉም በላይ ግን የጥብስ ቅጠል። ጊዜው ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ነው፤ ፍልሰታ ከተፈታ ገና ሁለት ሳምንት አልሞላውም። አምስት ወር ሙሉ የሲኞራን ሾርባ የጠጣ አፍንጫ ያን ሽታ ሲያገኝ ምን ይሆናል? እግሬ ሳላዘው ተነሣ። የበግ ነው ብዬ በልቤ ዕጣውን አወጣሁ። ሹካውን እገዛለሁ፣ ጥብሱን እበላበታለሁ።

ሰው ገፍቼ ከፊት ደረስኩ። መደቡ ላይ የአንድ ሰው ቁመት የሚያህል፣ ቆዳው እንደ ብርጭቆ የሚያብለጨልጭ ቡናማ ነገር ተጋድሟል። ባንዱ ጫፍ ጆሮ አለው። አፍንጫም አለው። የአፍንጫው ቀዳዳዎች ወደ እኔ ናቸው።

በስመአብ ብዬ ወደ ኋላ ሳፈገፍግ ሻጩ ረጅም ቢላውን ይዞ “ፕሬጎ!” አለኝ። ደነገጥኩ። ደንግጬ የመጣሁበትን ተናገርኩ፤ “ሦስት ኤቶ ፎርኬታ!”

ሰውዬው ዝም ብሎ አየኝ። ከዚያ ከሳጥን አንድ የፕላስቲክ ሹካ አወጣና በወግ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠው። መነጽሩን ዝቅ አድርጎ ቁጥሩን አነበበ። ሦስት ኤቶ ለመሙላት ብዙ ይቀረናል አለኝ። ከኋላዬ የተሰለፈው ሕዝብ በሳቅ ፈነዳ። “በፒ ነው! በፒ!” አሉኝ እየተቀባበሉ። ፖርኬታ።

እኔ አሁንም አልገባኝም መስሎት ሻጩ ትምህርት ጀመረ። የአሪቻ ፖርኬታ የሚሠራው ከሴት አሳማ ነው። አጥንቱን ያወጣሉ፣ ጨው፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቁንዶ በርበሬና የጥብስ ቅጠሉን ከውስጥ ይጠቀጥቃሉ፣ ጠቅልለው ይሰፉና ለሰዓታት ምድጃ ውስጥ ያቆዩታል። በዓሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1950 ጀምሮ ይከበራል፤ ከ2011 ወዲህ ደግሞ የፖርኬታው ስም በአውሮፓ ሕግ የተጠበቀ ነው። “አሳማ” የምትለዋን ቃል እንዳልስታት ሁለት ጊዜ እንደ አሳማ ጮኸልኝ። የሚገርመው ሕዝቡ ሁሉ ይሄን በዳቦ ከትቶ በእጁ ነው የሚበላው። በሹካ በዓል ቀን ሹካ የያዝኩት እኔ ብቻ ነኝ።

የሲኞራን ሦስት ኤቶ በወረቀት አስጠቅልዬ፣ በሁለት ጣት አንጠልጥዬ ልሹለክ ስል ጭብጨባ ተነሣ። ያጌጠ ጋሪ እየመጣ ነው። የባህል ልብስ የለበሱ ልጆች ከላይ ሆነው የሆነ ነገር ይወረውራሉ። ሰርግ መስሎኝ ነጠላዬን ዘረጋሁ። ከረሜላ ይሆናል ብዬ ነው እኮ!

ዷ!

ፖርኬታ የተጠቀጠቀ ዳቦ። እናቴ በላከችልኝ ነጠላ፣ ጥለቱ ላይ፣ ከነቅባቱ። ዙሪያዬ ያለው ሰው “ብራቫ!” እያለ ጀርባዬን መታኝ። እልፍ ሰው እጁን ዘርግቶ ያጣውን እኔ በአንድ ሙከራ። አልበላው ነገር ነው። አልጥለው እህል ነው። ዳቦውን እንደ ሰው ልጅ ታቅፌ ቆምኩ።

አጠገቤ የነበሩ ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ ዓይናቸው ዳቦው ላይ ነው። ሰጠኋቸው። እጄን ይዘው “ነይ፣ ፍራስኬታ!” አሉኝ። ሌላ ኬታ! “አለኝ” ብዬ የፕላስቲክ ሹካዬን አሳየኋቸው። እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

ፍራስኬታ ለካ መጠጥ ቤት ነው። ፍራስካ ማለት ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ ነው፤ ድሮ አዲስ ወይን የደረሰለት ሰው ደጃፉ ላይ ይሰቅለው ነበር አሉኝ። ይሄንን ለኔ! እኛ ሰፈር እንጨት ላይ ጣሳ ይደፋል፤ ጠላ ደርሷል ማለት ነው። ይሄን በእጅና በአፍ፣ በካንቢዮና በፍሪሲዮን ታግዤ አስረዳኋቸው፤ ጣሳው ላይ ሲደርሱ ጠረጴዛውን መቱ። ደግሞ በድሮው ልማድ ሰው ምግቡን ከቤቱ ይዞ መጥቶ እዚያ ወይን ብቻ ይገዛ ነበር። እኔም ዕቃዬን ከፈትኩ። እሳቸው የኔን ዳቦ፣ እኔ ፍርፍሬን። አንድ ጉርሻ ላጎርሳቸው አስቤ ነበር፤ በርበሬውን አይቼ ተውኩት። የበላሁት በዚያችው ሹካ ነው።

አውቶቡስ ውስጥ እናቴ ደወለች።

“የት ዋልሽ ልጄ?”

“በዓል ነበር እማዬ። የሥጋ።”

“እሰይ! የምን ሥጋ?”

“ሃሎ? ሃሎ? እማዬ፣ አይሰማም፣ ይቆራረጣል።”

ማታ ሲኞራ ወረቀቱን ሲፈቱ ፊታቸው በራ። ለቆዳው ሲሉ ጥርሳቸውን ከብርጭቆ አውጥተው ገጠሙ፤ እሑድ ለቅዳሴ እንኳ እንዲህ አይቸኩሉም። ነጠላዬን በሳሙና እያሸሁ ከወጥ ቤት አያቸዋለሁ። ድንገት አንገታቸውን አዙረው “...ኬታ!” አሉኝ።

ሳሙናውን አስቀመጥኩ።

“ሲኞራ፣ በፒ ነው በኤፍ?”