የአክስቴ እስክስታ ለምን ስታክ አደረገ?

የእህቴ መልስ ጥር ላይ ነበር። «ቪዲዮውን እኔ ኤዲት አደርገዋለሁ» ያልኩት እዚያው ድንኳን ውስጥ ነው። ሁለተኛውን ብርሌ ጨርሼ ነበር።

የተቀረጸው በሁለት ካምኮርደር ነው። አንዱን አጎቴ ከሜሪላንድ ይዞት መጣ። ሌላውን ጓደኛዬ ዱባይ ነው የገዛው። ሁለቱም ኤችዲ ናቸው፣ ሁለቱም ኤቪሲኤችዲ በሚባለው ፎርማት ይቀዳሉ። የእኔ ኮምፒውተር ደግሞ ያገለገለ ዴስክቶፕ ነው፤ አራተኛ ትውልድ ኮር አይ 5፣ 8 ጊጋ ራም። ፊልም ያለ ችግር ያሳየኛል። ስለዚህ ይሄንንም ይችለዋል ብዬ ሁለቱን ቪዲዮ ታይምላይን (ቪዲዮዎቹ ተሰልፈው የሚቆረጡበት መስመር) ላይ ደርድሬ አጫወትኩ።

አክስቴ እስክስታ ላይ ነበረች። ትከሻዋ ግራ ላይ ይታያል። ከዚያ ቀጥ ይላል። ከዚያ ቀኝ ላይ ብቅ ይላል። መሃሉ የለም። ዘፈኑ ግን እየሄደ ነው። ከከበሮው ምት ጋር ልቁረጥ ብል የቱ ጋ እንደሆነ እንኳን አላውቅም።

ታናሽ ወንድሜ «ራም ነው» አለ። እሱ ያገናኘኝ ጠጋኝም ኮምፒውተሩን ሳይከፍት «ራም ነው» አለ። 8 ጊጋ አስጨመርኩ። ትከሻዋ እዚያው ቀረ።

መጀመሪያ ማየት የነበረብኝን ያየሁት ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ነው። ቪዲዮው እየተጫወተ ታስክ ማናጀርን (የኮምፒውተሩ የትኛው ክፍል ምን ያህል እንደተጠመደ የሚያሳየውን) ከፈትኩ። ራሙ ከግማሽ በላይ ባዶ ነው። ሃርድ ዲስኩ የተኛ ይመስላል። ፕሮሰሰሩ ግን መቶ በመቶ ላይ ተሰቅሏል። የዲስኩ መተኛት ሲታሰብ አይገርምም። የመጀመሪያው ኤቪሲኤችዲ ቢበዛ በሰከንድ 24 ሜጋቢት ነው፤ 3 ሜጋባይት ማለት ነው። ይህን የትኛውም አሮጌ ዲስክ ይሸከመዋል። ከባዱ ነገር ፋይሉን ማንበብ ሳይሆን መፍታት ነው።

ካምኮርደሩ ቦታ ለመቆጠብ ሲል እያንዳንዱን ፍሬም (ቪዲዮው የተሠራበትን ነጠላ ምስል) ሙሉ አድርጎ አያስቀምጥም። አንዱን ሙሉ ይስላል፤ ቀጥለው የሚመጡትን «ከቅድሙ የተለወጠው ይሄ ነው» እያለ ያልፋል። የሰፈር ወሬ ማለት ነው። «ያቺ ያልኩሽ ሴትዮ፣ እዚያ ያልኩሽ ቦታ...» ሲባል መጀመሪያውን ያልሰማ ሰው ምንም አይገባውም። አንዳንዱ ፍሬም እንዲያውም ከኋላው ብቻ ሳይሆን ገና ከሚመጣውም ይበደራል። ወደ ፊት ብቻ ለሚመለከት ሰው ችግር የለውም። ኤዲት ስታደርግ ግን ዘለህ መሃል ትገባለህ፣ ወደ ኋላ ትመለሳለህ። በእያንዳንዱ ዝላይ ፕሮሰሰሩ ወደ ሙሉው ፍሬም ተመልሶ ወሬውን ከመጀመሪያ መስማት አለበት። እኔ ደግሞ ይህን በሁለት ካሜራ አንድ ላይ ነው የጠየቅኩት።

መፍትሄው ፕሮክሲ ነው፤ ለኤዲት ጊዜ ብቻ የሚሠራ ቀለል ያለ የቪዲዮው ቅጂ። የምሠራው ኬደንላይቭ በሚባል የኤዲቲንግ ፕሮግራም ነው፤ ነጻ ነው፣ ለአሮጌ ኮምፒውተርም አይከፋም። ፕሮጀክት ሴቲንግ ውስጥ ፕሮክሲን አበራሁ፣ ወርዱን 640 ፒክስል አደረግኩ፣ ከምርጫዎቹ ኤምጄፔግ የሚለውን መረጥኩ። ኤምጄፔግ ውስጥ እያንዳንዱ ፍሬም ሙሉ ስዕል ነው፤ ከማንም አይበደርም። ፒክስሉም ከዋናው አንድ ዘጠነኛ ገደማ ነው። ቆርጠህ ስትጨርስ ሬንደር የሚደረገው፣ ማለትም የመጨረሻው ቪዲዮ የሚወጣው፣ ከዋናው ፋይል ነው፤ ጥራቱ አይነካም። (የመመልከቻውን ጥራት ወደ 360 ዝቅ ማድረግም ሞክሬ ነበር። ኤፌክት ሲበዛ ይረዳል፤ ፋይሉን ከመፍታት ግን አያድንም።)

ማታ ፕሮክሲ መሥራቱን አስጀምሬው ተኛሁ። ሌሊት መብራት ጠፋ። ጠዋት የቀሩትን እንደገና አስጀመርኩ። ከሰዓት በኋላ አጫወትኩ።

ይሄዳል! ፕሮሰሰሩ ሠላሳ በመቶ እንኳን አልደረሰም። ግን አክስቴ... አሁንም የሆነ ነገር አለ። ስታክ አያደርግም፤ ትንሽ ይነጥቃታል፣ እንደ ስቅታ። ይሄ ከሁሉም በላይ አበሳጨኝ፣ ምክንያቱም አሁን ኮምፒውተሩን የማማበት ነገር አልነበረኝም።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። አሜሪካ የተሸጠው የአጎቴ ካሜራ በሰከንድ 29.97 ፍሬም ይቀዳል። የዱባዩ 25 ነው። እኔ ፕሮጀክቱን ስከፍት 25 መርጫለሁ። ስለዚህ ከአጎቴ ቪዲዮ በየሰከንዱ አምስት ያህል ፍሬም እየተጣለ ነበር። ንግግር ላይ ማንም አያስተውለውም። እስክስታ ላይ ግን የተጣለው ፍሬም ትከሻው የዞረበት ሊሆን ይችላል።

አብዛኛው ቀረጻ የአጎቴ ስለነበር አዲስ ፕሮጀክት በ29.97 ከፈትኩ። እንዲህ ሲሆን ደግሞ የዱባዩ ካሜራ ፍሬም እየተደገመ መንጠቅ ይጀምራል። ስለዚህ ከእሱ የወሰድኩት ሰው የማይንቀሳቀስበትን ብቻ ነው፦ ሽማግሌዎቹ ሲመርቁ፣ እናቴ ተቀምጣ ስታለቅስ፣ ዳቦው ሲቆረስ። ጭፈራው በሙሉ የአጎቴ ሆነ። እውነቱን ለመናገር የዱባዩ ካሜራ ቀለሙ ያምር ነበር፤ ቆጨኝ። ሌላ ጊዜ ሁለት ካሜራ ካለ ቀረጻው ሳይጀመር ነው የፍሬም ፍጥነታቸውን የምጠይቀው።

ስለ ሚዜዎቹ የስልክ ቪዲዮ ገና አልተናገርኩም። ስልክ ብዙ ጊዜ የፍሬም ፍጥነቱን እንደ ብርሃኑ ይለዋውጣል፤ ታይምላይን ላይ ድምፁና አፉ ቀስ በቀስ ይለያያሉ። ሃንድብሬክ በሚባል የቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ቋሚ ፍጥነት ቀይሬ ነው ያስገባሁት።

እሁድ ቤተሰቡ ኮምፒውተሬ ዙሪያ ተሰበሰበ። ገና ሬንደር አላደረግኩትም፤ ከታይምላይኑ ነው የማሳያቸው። አክስቴ እስክስታዋን ስታይ «እስቲ ወደ ኋላ መልሰው» አለች። መለስኩት። ትከሻዋ ወደ ኋላም ያለ እንከን ሄደ። «ድገመው» አለች። ደገምኩት።

ወንድሜ ከጀርባዬ ቆሞ ትከሻዬን መታ አደረገኝና «አላልኩህም? ራሙ ነው» አለ።