ሬንጅ የተቀባ ቧንቧ ለምን ይበሳል?

ዋልካ አፈር ውስጥ የቆየ ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ የብረት) ቧንቧ ሲቆፈር ብዙውን ጊዜ ገላው ደህና ሆኖ ይገኛል። የበሰበሰው ማኒኮቶው (ሁለት ቧንቧ የሚያገናኘው) አጠገብ ያለው፣ ቧንቧው የሚጠመዘዝበት ጥርስ ነው። ጥርስ ማውጫው ብረቱን ሲቆርጥ የዚንኩን ሽፋን ጠርጎ ይወስዳል፣ የቧንቧውም ውፍረት እዚያ ላይ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ ቧንቧው በጣም የሳሳበት ቦታ በጣም የተራቆተበትም ነው።

የተለመደው መከላከያ ሬንጅ ቀብቶ መቅበር ነው። ሬንጅ በራሱ መጥፎ ነገር አይደለም፤ ውሃን ከብረት ለመለየት ለረጅም ዘመን ያገለገለ ነው። ችግሩ የሚቀባው በዘይት፣ በአፈርና በዝገት ላይ መሆኑ ነው። ሽፋን የሚይዘው የተቀባበትን ነገር ነው፤ ዝገት ላይ ከተቀባ ዝገቱን ይይዛል፣ ዝገቱ ሲረግፍ አብሮ ይረግፋል።

ስለዚህ ከሥራው ጊዜ ትልቁ ድርሻ የማጽዳት መሆን አለበት። ቅደም ተከተሉም ወሳኝ ነው፤ መጀመሪያ ዘይቱ ይነሳል፣ ከዚያ ዝገቱ ይፋቃል። ጥርስ ሲወጣ የፈሰሰው ዘይት ሳይጠረግ የሽቦ ብሩሽ ከገባ ብሩሹ ዘይቱን በየቦታው ያዳርሰዋል። በንጹሕ ጨርቅና በቲነር ጥረጉ፤ ጨርቁ ሲቆሽሽ ቀይሩት። ናፍጣ አትጠቀሙ፤ ሲደርቅ የዘይት ስስ ልባስ ትቶ ይሄዳል፣ ፕራይመሩም (ከሽፋኑ በፊት የሚቀባው የመጀመሪያው ቅብ) አይዝም።

ቀጥሎ ያለው እንደ ብረቱ ዓይነት ይለያያል። ጥቁር ብረት (ዚንክ ያልተለበጠው) ከፋብሪካ ሲመጣ ላዩ ላይ ሰማያዊ ጥቁር የሆነ ቅርፊት አለው። ጠንካራ ስለሚመስል ብዙ ሰው ይተወዋል፤ ነገር ግን ብረቱ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቅና የተቀባውን ይዞ ይነሳል። በእጅ ወይም በማሽን ብሩሽ ብረቱ ብረትነቱን እስኪያንጸባርቅ ድረስ መፋቅ አለበት፤ በሥራ ዝርዝሮች ላይ ይህ ደረጃ ኤስቲ 3 ይባላል። በአሸዋ ግፊት የሚደረገው ጽዳት ደግሞ ኤስኤ 2½ ነው፤ ትልልቅ የውሃ መስመሮች የሚጠይቁት ይህንን ነው። በግራይንደር የሚሽከረከር የሽቦ ብሩሽ ብረቱን እንደ መስታወት ካለሰለሰው ፕራይመሩ የሚነክሰው ቦታ ያጣል። ስለዚህ መጨረሻ ላይ 60 ወይም 80 ቁጥር ባለው የብርጭቆ ወረቀት ሻካራ አድርጉት።

ጋልቫናይዝድ ላይ ግን ተቃራኒው ይሠራል። ዚንኩ ራሱ ጥበቃ ስለሆነ መፋቅ የለበትም፤ 120 ቁጥር ወረቀት ቀለል አድርጎ አሸት አሸት ማድረግ፣ ብልጭታው እስኪጠፋ ብቻ። እዚህ ላይ በየግንባታው የሚደጋገም ስህተት አለ፤ ተራ የዘይት አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) አዲስ ጋልቫናይዝድ ላይ መቀባት። በዘይት ቀለሙ ውስጥ ያለው ማጣበቂያ ከዚንክ ጋር ተዋህዶ ሳሙና የመሰለ ስስ ንጣፍ ይፈጥራል፣ ቀለሙም በወራት ውስጥ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳል። ቀለሙ መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ ለዚንክ ስላልተሠራ ነው። ቆርቆሮው ላይ ለጋልቫናይዝድ እንደሚሆን የተጻፈ ፕራይመር ወይም ኤፖክሲ ፈልጉ።

እርጥበቱ ሌላው ጉዳይ ነው። የብረቱ ሙቀት ጤዛ ከሚያዝበት ሙቀት ቢያንስ በ3 ዲግሪ መብለጥ አለበት፤ የአየሩ እርጥበትም ከ85 በመቶ በታች። አዲስ አበባ ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ስለሚበርድ ጠዋት ቧንቧው በዓይን የማይታይ ጤዛ ሊይዝ ይችላል። በእርጥብ ጨርቅ አንድ ቦታ አርጥባችሁ ጠብቁ፤ ቶሎ ካልደረቀ ለቀለምም ጊዜው ገና ነው። ፀሐይ ካሞቀችው በኋላ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት አልፎ መጀመር ይሻላል።

ለሚቀበር ቧንቧ እኔ የምመርጠው ፕራይመርና የቧንቧ ቴፕ ነው፤ ፖሊኢትሊን ጀርባ ያለውና በአንድ ፊቱ ሬንጅ ወይም የጎማ ሙጫ የተቀባው። የኤሌክትሪክ ናስትሮ አይተካውም፤ ሙጫው ስስ ነው፣ በተደራረበበት ቦታ ውሃ ያስገባል። አንዱ ዙር የሌላውን ግማሽ እየሸፈነ ሲጠቀለል ሁሉም ቦታ ላይ ሁለት ንብርብር ይኖራል። ልኩን አስቀድሞ ማስላት ያስፈልጋል፦ 1 ኢንች ቧንቧ የውጭ ዙሪያው 106 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ 5 ሳንቲሜትር ስፋት ባለው ቴፕ ግማሽ በግማሽ እየደረቡ ለ1 ሜትር ቧንቧ 4.2 ሜትር ቴፕ ይሄዳል። ለመነሻ፣ ለመድረሻና ለብክነት 10 በመቶ ሲጨመር ባለ 6 ሜትሩ አንድ ቧንቧ 28 ሜትር፣ ማለትም ባለ 10 ሜትር 3 ጥቅል ይፈልጋል። ቴፕ በቆጠበ ቁጥር መደራረቡ እየጠበበ ሄዶ ሁለቱ ንብርብር አንድ ይሆናል።

ፕራይመሩ ስስ ሆኖ ይቀባል፤ ጣት ሲነካው የሚያጣብቅ፣ ግን ጣት ላይ የማይቀር ሲሆን ቴፑ ይጀመራል። ወፍራም ከተቀባ ላዩ ደርቆ ቲነሩ ውስጥ ይታሰርና ቴፑን ያንሸራትተዋል። ሲጠቀለል አሳሳቡ እኩል ይሁን። ቴፑ ስፋቱ በግልጽ ከጠበበ ከመጠን በላይ ተስቧል ማለት ነው፤ ውሎ አድሮ ወደ ልኩ ሊመለስ ሲል መደራረቢያውን ይከፍተውና በቧንቧው ዙሪያ እንደ ደረጃ የሚዞር የውሃ መንገድ ይፈጥራል። ማኒኮቶ፣ ጎሚቶ (ማጠፊያው) እና ቲ (የሦስት አቅጣጫ ማገናኛው) ላይ ደግሞ ቴፑ ከቧንቧው ወደ ወፍራሙ አካል ሲወጣ ከሥሩ ባዶ ክፍተት ይቀራል። ያንን ደረጃ መጀመሪያ በማስቲክ ወይም በቫዝሊን መሰል ቅባት ሞልታችሁ አለዝቡት፣ ከዚያ ጠቅልሉ። መገጣጠሚያዎቹን ግን ከግፊት ሙከራ በፊት አትሸፍኑ፤ መስመሩ ከሚሠራበት ግፊት 1.5 እጥፍ ተሞክሮ፣ ፍሳሽ እንደሌለ ከታየ በኋላ ነው የሚጠቀለሉት።

አሁን ወደ ርዕሱ ጥያቄ። በደንብ የተቀባ ቧንቧ በአንድ ቦታ ላይ ለምን ቶሎ ይበሳል? ብረት መሬት ውስጥ ሲዝግ እንደ ትንሽ ባትሪ ነው የሚሠራው፤ አንዱ ቦታ ይሟሟል፣ ሌላው ቦታ ኦክስጅን የሚቀበል ይሆናል። አዲስ የተጠቀለለ ቧንቧ ከአሮጌ እርቃን ቧንቧ፣ ከመዳብ ወይም ኮንክሪት ውስጥ ካለ ብረት (ፌሮ) ጋር ሲገናኝ እነዚያ ሁሉ ተቀባይ ይሆናሉ፤ የሚሟሟው አዲሱ ነው። ሽፋኑ ላይ የጥፍር ያህል ጭረት ብቻ ካለ የመሟሟቱ ጫና በሙሉ እዚያች ጭረት ላይ ይወድቃል። ለዚህ ነው ከመስመሩ መሐል ተቀይሮ የገባ ቁራጭ ከአሮጌው ቀድሞ የሚበሳው። ሰው ግን «የዘንድሮ ቧንቧ ጥራት የለውም» ብሎ ያልፈዋል።

መድኃኒቱ ሁለቱን በኤሌክትሪክ መለያየት ነው፤ የፕላስቲክ ማገጃ ያለው ዩኒየን (ተፈትቶ የሚገጠም መገጣጠሚያ)፣ ወይም አጭር የፒፒአር (የፕላስቲክ ቧንቧ) ቁራጭ በመሐል ማስገባት። ከዚያ በፊት ግን የቤቱ የኤሌክትሪክ መሬት (ኧርዝ) ከቧንቧው ጋር መታሰር አለመታሰሩን አረጋግጡ። ታስሮ ከሆነ ፕላስቲኩ መሬቱን ይቆርጠዋል፣ ሰው ይገድላል። መጀመሪያ ኤሌክትሪክ ባለሙያ የራሱ የመሬት ዘንግ ይትከልለት።

ከኮንክሪት የሚወጣ ቧንቧም ተመሳሳይ ጠባይ አለው። በኮንክሪት ውስጥ ያለው ክፍል በሲሚንቶው ኖራማነት ይጠበቃል፣ አፈር ውስጥ የገባው ደግሞ ይጠቃል፤ ጉዳቱ የሚጀምረው ከኮንክሪቱ እንደወጣ ነው። ጥቅሉ ቢያንስ 10 ሳንቲሜትር ያህል ወደ ኮንክሪቱ ውስጥ ገብቶ ይጀምር። ግድግዳ ውስጥ ቧንቧ ለማስያዝ ጀሶ አትጠቀሙ፤ እርጥብ ጀሶ ብረት ይበላል። በሲሚንቶ ያዙት።

ዋልካ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ሲገባ ያብጣል፤ በየዓመቱ ቧንቧውን እየያዘ ይጎትታል። ሙጫው ለስላሳ የሆነ ቴፕ በዚህ ጉተታ ይሸበሸባል። ስለዚህ ከሥሩ 10 ሳንቲሜትር፣ ከላዩ 15 ሳንቲሜትር ንጹሕ አሸዋ ይሁን፤ ድንጋይ ያለው አፈር ቧንቧው ላይ በቀጥታ አይመለስ። የአሸዋው ወጪ ከቴፑ ይልቅ የሚያስቆጭ አይደለም፤ አሸዋ ከሌለ ቴፑም ብዙ አይቆይም።

በትልልቅ የብረት መስመሮች ላይ ሽፋኑ በፋብሪካ ይሠራል፦ ኤፖክሲ፣ ማጣበቂያ፣ ከላይ ፖሊኢትሊን። የሚበላሸው ሜዳ ላይ የተበየደው መገጣጠሚያ ነው። እዚያ የሚለበሰው፣ በሙቀት የሚኮማተር የፕላስቲክ እጅጌ የፋብሪካውን ሽፋን በሁለቱም በኩል ቢያንስ 5 ሳንቲሜትር መደረብ አለበት፤ እሳቱም ከመሐል ተጀምሮ ወደ ዳር ይሄዳል። ከዳር ከተጀመረ አየሩ መውጫ አጥቶ ውስጥ ይቀራል።

የሙቅ ውሃ ቧንቧ ሌላ ዓይነት ሽፋን ነው የሚፈልገው። በመጀመሪያ ግን፣ ውሃው ከ60 ዲግሪ ሲያልፍ ዚንክ ብረቱን የመጠበቅ ባሕርይው ሊገለበጥ ስለሚችል ጋልቫናይዝድ ለሙቅ መስመር ጥሩ ምርጫ አይደለም። ግማሽ ኢንች እርቃን ቧንቧ ውስጥ 60 ዲግሪ ውሃ፣ ውጭው 20 ዲግሪ ቢሆን በየሜትሩ 28 ዋት ገደማ ይባክናል። 13 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የጎማ ስፖንጅ ሲለብስ ወደ 10 ዋት ይወርዳል፤ 19 ሚሊሜትር ሲሆን 8 ገደማ ነው። ወፍራሙን ከመግዛት ይልቅ ቀጭኑን ያለ ክፍተት መግጠም ይበልጣል።

ስፖንጁን ሳትስቡ፣ ከልኩ በአንድ ሁለት ሳንቲሜትር አስረዝማችሁ ገፋ አድርጋችሁ አስገቡት፤ የተሳበ ስፖንጅ ተኮማትሮ ጫፉ ላይ ብረቱን ያጋልጣል። የስፖንጁ ማጣበቂያ (ማስቲሽ) ሁለቱም ፊት ላይ ተቀብቶ፣ ሲነካ የማያጣብቅ እስኪሆን ተጠብቆ ነው የሚጋጠመው። ቧንቧውን የሚይዘው ማሰሪያ (ስታፋ) ስፖንጁን ጨፍልቆ እንዳይዝ፣ ሰፋ ያለ ስታፋ ከሥሩ የላሜራ ቁራጭ አድርጋችሁ ከውጭ እሰሩ። ከፀሐይ ማሞቂያ የሚወጣው የመጀመሪያው ሜትር ውሃ ሳይቀዳ በቀትር ከ105 ዲግሪ ሊያልፍ ስለሚችል ተራው ስፖንጅ እዚያ ይቃጠላል፤ እስከ 150 ዲግሪ የሚችለውን ጠይቁ።

ብረቱ ላይ ስፖንጅ ከመልበሱ በፊት ደረቅና ቀለም የተቀባ ይሁን። እርጥብ ሆኖ የተሸፈነ ሙቅ ብረት ከእርቃኑ ይልቅ ቶሎ ይዝጋል፤ ከውጭም ምንም አይታይም። ጣሪያ ላይ ያለውን ደግሞ ፀሐይ ስለሚሰነጥቀው በአሉሚኒየም ቴፕ ወይም በላሜራ ሸፍኑት፤ መሰንጠቂያው ወደ ታች ይዙር፣ መደራረቡም ከታች ተነስቶ ወደ ላይ ይሁን፣ ዝናቡ እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ላዩ ላይ እንዲወርድ።